በባለይዞታ መሬት ላይ የሚገኝ አገር በቀል ደን፤ ጥበቃውና አጠቃቀሙ

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንቺስ ሠፈር፣ በ2017 ዓ.ም. ከፈረሱት ነባር ቤቶች ብዙዎቹ በባሕር ዛፍ ምሰሶና ማገር የቆሙ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከውጭ የገባው ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ግን ለጣውላ እስኪደርሱ ረጅም ዘመን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ገበሬው አገር በቀል ዛፍ ከመትከሉ በፊት፣ «እኔ ባሳድገው የሚቆርጠው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሕጉ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በየዘመኑ ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው አዋጅ ቁጥር 226 የግል ደን ጥበቃን የሚመለከት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የመሬት ባለቤትነትን መሠረት ያደረገው የግል ደን ቀረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጽንቶ፣ በአንቀጽ 40 ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ላደረገው ቋሚ መሻሻል መብት እንዳለው ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ ከመንግሥት ደን ጎን ለጎን የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን ዕውቅና ሰጠ።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ባለይዞታው አገር በቀል ደኑን ለሽያጭ ከመቁረጡ በፊት የጸደቀ ዕቅድ ሊኖረው ይገባል፤ ዕቅዱም እስከ 15 ዓመት ሊጸና ይችላል። ቁጥጥሩ ደኑን ሲጠብቅ፣ የዕቅዱ ዘመን ለባለይዞታው ዋስትና ይሆነዋል።

ጉዳዩ ሠፈራን በቅርብ ይመለከታል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከ500 ሺህ በላይ ሰዎች በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ሲዛወሩ፣ ለእርሻና ለቤት መሥሪያ ሰፊ ደን ተመንጥሯል። መሬቱ ነገ የማን እንደሚሆን ያላወቀ ሠፋሪ ዛፉን ለልጁ ሊያቆይ አይችልም።

በመሆኑም በሥራው ላይ የተሠማሩ ሁሉ፤

1ኛ/ መሬት ከመታደሉ በፊት በላዩ ያሉትን አገር በቀል ዛፎች ቆጥረው በይዞታ መዝገብ ማስፈር፤

2ኛ/ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆን ፈጥኖ ደራሽ ዛፍ በተለየ ቦታ ማስተከል፤

3ኛ/ ተካዩ የሚቆርጥበትን ጊዜና መጠን በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።

ክልከላ ብቻውን ደን አያቆይም፤ ችግኙን ከፍየል የሚጠብቀው፣ ነገ የእኔ ነው የሚል ሰው ነውና።