አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፦ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ያለው የፊደል ተራ

መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ የሚደግም ምእመን 118ኛው መዝሙር ላይ ሲደርስ፣ በየ8ቱ ቁጥር ራስጌ «አሌፍ»፣ «ቤት»፣ «ጋሜል» የሚሉ ስሞችን ያገኛል። ብዙዎቻችን እነዚህን ስሞች ሳንጠይቅ እናልፋቸዋለን፤ አንዳንዶች ደግሞ የተሰወረ ኃይል ያለባቸው ቃላት ይመስሏቸዋል። በዚህ ትምህርት የስሞቹን ምንነትና ለጸሎታችን የሚሰጡትን ጥቅም እንመለከታለን።

ስሞቹ የ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት መጠሪያዎች ናቸው። መዝሙሩ በመጀመሪያ በተጻፈበት በዕብራይስጥ ቋንቋ፣ የመጀመሪያዎቹ 8 ቁጥሮች ሁሉም በአሌፍ ይጀምራሉ፤ ቀጥለው ያሉት 8ቱ በቤት ይጀምራሉ፤ እንዲሁ እያለ እስከ መጨረሻው ፊደል እስከ ታው ይደርሳል። 22 በ8 ሲባዛ 176 ይሆናልና የመዝሙሩም ቁጥሮች 176 ናቸው። ተራው ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ልጆቻችን የሚማሩት «አ ቡ ጊ ዳ» ይህንኑ የአሌፍ፣ የቤት፣ የጋሜልና የዳሌጥ ቅደም ተከተል የያዘ ነው።

የዚህ አጻጻፍ ጥቅም ምንድን ነው? አንደኛ፣ መጻሕፍት ብርቅ በነበሩበት ዘመን ፊደሉ ለቃል ጥናት መሪ ነበረ። ሁለተኛ፣ እኛ «ከሀ እስከ ፐ» ስንል አንዳች ሳይጎድል ማለታችን እንደ ሆነ፣ ከአሌፍ እስከ ታው መዘመርም ሙሉ ምስጋናን ያመለክታል። ሐዘንም ቢሆን በዚህ ሥርዓት ተነግሯል። በሰቆቃወ ኤርምያስ ምዕራፍ 1፣ 2 እና 4 እያንዳንዳቸው 22 ቁጥሮች በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው፤ በምዕራፍ 3 ደግሞ ለእያንዳንዱ ፊደል 3 ቁጥር ተሰጥቶ 66 ይሆናል። ኢየሩሳሌም ፈርሳ ሳለች የሚያለቅሰው ሰው ልቅሶውን በሥርዓት ወደ እግዚአብሔር አቀረበ።

ሦስተኛው ጥቅም ምስክርነት ነው። በዕብራይስጥ 9ኛና 10ኛ ተብለው የተከፈሉት መዝሙራት፣ አንዳንድ ፊደላት ቢጎድሉም፣ አንድ የፊደል ተራ ተከታትሎ ያልፍባቸዋል። ስለዚህ በግሪክና በግዕዝ አንድ መዝሙር ሆነው መቆጠራቸው ምክንያት አለው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ቁጥር በአብዛኛው በአንድ የሚለያየውም፣ 118ኛው በሌላ መጽሐፍ 119ኛ የሚባለውም በዚሁ የተነሣ ነው።

በ144ኛው መዝሙር ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው የዕብራይስጥ ጽሑፍ በሜምና በሳምኬት መካከል መገኘት የነበረበት የኖን ቁጥር የለም። በግሪኩ ትርጉምና ከግሪክ በተመለሰው ግዕዝ ግን የእግዚአብሔርን ታማኝነት የሚናገር ቁጥር በዚያው ስፍራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 በሙት ባሕር አጠገብ ከሚገኘው 11ኛው የቁምራን ዋሻ በተገኘው ጥቅልል ውስጥ ይኸው ቁጥር በኖን ጀምሮ በዕብራይስጥ ተጽፎ ታየ። አንዳንድ ሊቃውንት ቁጥሩ በኋላ የተጨመረ ነው ይላሉ፤ ሆኖም አባቶቻችንና እናቶቻችን በግዕዝ ሲደግሙት የኖሩት ቃል ጥንታዊ የዕብራይስጥ ምስክር እንዳለው ታውቋል።

መዝሙራቱ ወደ ግሪክ፣ ወደ ግዕዝና ወደ አማርኛ ሲመለሱ የመነሻ ፊደላቱ መመሳሰል ቀርቷል፤ ትርጉም አሳቡን እንጂ ፊደሉን ይዞ ሊሻገር አይችልምና። በ118ኛው መዝሙር ራስጌ የቀሩት ስሞች የዚያ ሥርዓት መታሰቢያ ናቸው። እንግዲህ ስሞቹን ለይቶ እንደ ክታብ መያዝ ወይም የምሥጢር ትርጉም መፈለግ ከመዝሙሩ አሳብ መራቅ ነው። መዝሙሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያወሳው የእግዚአብሔርን ሕግና ቃል መውደድን ነው፤ ፊደሉም ያንን ቃል በልባችን እንድናኖር የተሰጠ መሰላል ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚከተለውን ቢሠሩ መልካም ነው፦

1. መጽሐፈ ምሳሌ 31፥10–31ን ከፍታችሁ ቁጥሮቹን ቁጠሩ። ስንት ሆኑ? ስለ ምን?

2. ሰቆቃወ ኤርምያስ ምዕራፍ 5 ቁጥሩ 22 ቢሆንም የፊደል ተራ የለውም። ከቀደሙት ምዕራፎች ጋር አነጻጽሩት።

3. ከ118ኛው መዝሙር በየሳምንቱ አንድ ፊደል፣ ማለት 8 ቁጥር፣ በቃል አጥኑ። በ22 ሳምንት መዝሙሩን በሙሉ ትፈጽማላችሁ፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በእጃችሁ ባይኖርም ጸሎቱ ከእናንተ ጋር ይኖራል።