ኦቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ፤ ማደስ ይሻላል ወይስ በማንዋል መለወጥ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ለዳኛና ለሽማግሌ ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን እጁ በዘይት ለጨቀየው መካኒክም ታላቅ መመሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ የጭነት መኪና ኦቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ፣ ባለቤቱ ያንኑ ቢያሳድስ ይሻላል ወይስ አውጥቶ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ቢያስገባ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ሆኖም በመኪናው እንጀራውን ለሚበላ ሰው የብዙ ወራት ገቢ ነው፤ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለ መኪና ሁሉ በጅምላ ከመናገር አንዱን ይዞ መመርመር ይሻላል። ስለዚህ በአሜሪካ አገር በጣም የታወቀውን ዶጅ ራም የተባለውን ፒካፕ ለምሳሌ እንወስዳለን፤ ይኸውም ከ1994 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ 5.9 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ከሚንስ የናፍጣ ሞተር ያለው ነው። ይህ መኪና በሁለት ዓይነት ካምቢዮ ይሸጥ ነበር። አንደኛው ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ ነው፤ በ1994 እና በ1995 የወጣው 47 አር ኤች፣ ከ1996 ጀምሮ የወጣው ደግሞ 47 አር ኢ ይባላል። ሁለተኛው ኤን ቪ 4500 የሚባለው ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ነው። ፋብሪካው ሁለቱንም ለአንድ መኪና ስላዘጋጀ፣ ለንጽጽር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

የሁለቱ ካምቢዮዎች አሠራር

የማንዋሉን አሠራር ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ራሳቸው ከኢጣልያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት ጎማ አለ። የፍሪሲዮኑ ዲስክ በምንጭ ብረት ኃይል እዚህ ላይ ተጭኖ አብሮ ይዞራል። ነጂው በግራ እግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ዲስኩ ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ማርሹን ይቀይራል። ፔዳሉን ሲለቅ ሞተሩና ጎማው እንደገና ይያያዛሉ።

ኦቶማቲኩ ግን የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። በእርሱ ፈንታ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ አለው። ይህን ለመረዳት ሁለት የአየር ማራገቢያዎችን ፊት ለፊት እናስቀምጥ። አንዱን በኮረንቲ ብናዞር፣ ያልተሰካው ሁለተኛው በነፋሱ ግፊት መዞር ይጀምራል። በኮንቨርተሩ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ በነፋስ ፈንታ ዘይት አለ። በሁለቱ መካከል ያለ ሦስተኛ ትንሽ ጎማ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫውን ያስተካክላል፤ በዚህም መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ወደ ሁለት እጥፍ ያህል ያድጋል። ኃይልን በፈሳሽ የማስተላለፉን ሐሳብ በ1905 በባለቤትነት ያስመዘገበው ኸርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው።

ከኮንቨርተሩ በስተኋላ ፕላኔታሪ የሚባሉ ማርሾች አሉ፤ ፕላኔቶች ፀሐይን እንደሚዞሩ ትንንሾቹ በመካከለኛው ዙሪያ ይዞራሉ። እነርሱን የሚይዙና የሚለቁ በርካታ ስስ ዲስኮችና ቀበቶዎች ሲኖሩ፣ እነዚህን የሚያጠብቃቸው የዘይት ግፊት ነው። እንግዲህ ዘይቱ ኃይል ያስተላልፋል፣ ዲስኮቹን ይጫናል፣ ብረቱን ያለሰልሳል፣ ሙቀትንም ይወስዳል። ለኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ማለት ለሰው ደም ማለት ነው።

የሚበላሽበት ምክንያት

የኦቶማቲክ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። ከባድ ተጎታች በዳገት ሲጎተት በኮንቨርተሩ ውስጥ ዘይቱ ይታመሳል፤ መታመሱም ሙቀት ይሆናል። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይቃጠላል፣ ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ፣ መንሸራተታቸውም ሌላ ሙቀት ይወልዳል። በሽታው ራሱን በራሱ የሚያባብስ ነው።

በዚህ መኪና ላይ ሌላም ምክንያት አለ። የ47ቱ ካምቢዮዎች የዘር ሐረግ በ1962 ወደ ወጣው ቶርክፍላይት ወደሚባለው ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ይደርሳል፤ አራተኛው ማርሽ ከኋላ የተጨመረ ነው። የናፍጣው ሞተር ግን በዝቅተኛ ዙር ታላቅ የመጠምዘዝ ኃይል ያወጣል። በ1996 ሞተሩ ከማንዋል ጋር ሲሸጥ 215 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ከኦቶማቲክ ጋር ሲሸጥ 180 ብቻ ነበረው። ይህ ልዩነት የኦቶማቲኩ ትከሻ ምን ያህል እንደሚሸከም ያመለክታል።

ከመፍታት በፊት የሚደረግ ምርመራ

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ካምቢዮው «ሞተ» ከመባሉ በፊት የሚከተሉትን ማየት ይገባል።

1. የዘይቱ መጠን። በዚህ መኪና ላይ ዘይቱ የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ ካምቢዮው ሞቆ፣ ማርሹም ኒውትራል ላይ ሆኖ ነው። በሌላ መንገድ የለካ ሰው የተሳሳተ ውጤት ያገኛል።

2. የዘይቱ መልክና ሽታ። ጤነኛው ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዲስኮቹ ተጎድተዋል።

3. ከሥር ያለው የዘይት መያዣ። ጥቂት ግራጫ ደለል የተለመደ ነው፤ የብረት ቅንጣትና የነሐስ ፍርፋሪ ከተገኘ ግን ነገሩ ከባድ ነው።

4. ከነዳጅ መስጫው ጋር የተያያዘው ኬብል። ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ይህ ኬብል የካምቢዮውን የዘይት ግፊት ከፍ ያደርጋል። ኬብሉ ከላላ ግፊቱ ያንሳል፤ ዲስኮቹም በከንቱ ይቃጠላሉ።

5. በ47 አር ኢ ላይ የማርሽ መቀየሪያውን ግፊት የሚቆጣጠሩት የኤሌክትሪክ ቫልቭና ግፊት ጠቋሚው። እነዚህ ሲበላሹ ካምቢዮው ማርሽ በጊዜው አይቀይርም። የዘይት መያዣው ብቻ ወርዶ ሊለወጡ ሲችሉ፣ በእነርሱ ምክንያት መላው ካምቢዮ እንዲፈታ ማድረግ ታላቅ ኪሳራ ነው።

ማደስ

ምርመራው ጉዳቱ ከውስጥ መሆኑን ካረጋገጠ፣ ማደስ ማለት ካምቢዮውን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ዲስኮቹን፣ ቀበቶዎቹን፣ ፓራኦሊዮዎቹንና ጓርኒሲዮኖቹን መለወጥ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የመኪናው አካል አይቆረጥም፣ ሽቦ አይለወጥም፣ ማንኛውም የቤተሰብ አባል እንደ ቀድሞው ይነዳዋል።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ከተረሱ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የአሮጌው ካምቢዮ ፍርፋሪ በኮንቨርተሩ ውስጥና በዘይት ማቀዝቀዣው ቱቦዎች ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ኮንቨርተሩ ካልተለወጠና ማቀዝቀዣው በደንብ ካልታጠበ፣ ያ ፍርፋሪ አዲሶቹን ክፍሎች ይበላል። እንዲሁም በሽታውን ያመጣው ሙቀት ከሆነ፣ ተጨማሪ ማቀዝቀዣና የዘይት ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም ማደስ ቁስሉን ሳያጥቡ ማሰር ነው።

በማንዋል መለወጥ

መለወጥ ካምቢዮ ገዝቶ መግጠም ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእውነቱ ግን የሚያስፈልጉት ብዙ ናቸው፤ ካምቢዮው፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ደወል መሰል ቤት፣ ቮላኖው፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክና መጫኛው፣ ኩሽኔታዎቹ፣ ፔዳሎቹ፣ የፍሪሲዮኑ የዘይት ፓምፖች፣ የካምቢዮው መቀመጫና የማርሽ ዘንጉ። ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ርዝመቱ መመዘን አለበት፤ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ የማከፋፈያው ጥርሶች ቁጥር መገጣጠም አለበት። ስለዚህ ብልኅ ሰው ከተጋጨ ተመሳሳይ መኪና ላይ ሁሉንም በአንድነት ይገዛል። ካምቢዮውን ዛሬ፣ ፔዳሉን ከርሞ የሚገዛ ግን መኪናውን በድንጋይ ላይ አቁሞ ይከርማል።

በዚህ ሞተር ላይ አንድ የምሥራች አለ። የነዳጅ ፓምፑ የሚሠራው በማርሽና በምንጭ ብረት እንጂ በኮምፒዩተር ስላልሆነ፣ ኦቶማቲኩ ሲወጣ ሞተሩ ይሠራል። ከ1998 አጋማሽ በኋላ በወጣው ባለ 24 ቫልቭ ሞተር ላይ ግን የነዳጁን ነገር የሚመራው ኮምፒዩተር ስለሆነ፣ ለውጡ የኤሌክትሪክ ዕውቀትም ይጠይቃል።

ማንዋሉም እንከን አለው። በዚህ የናፍጣ መኪና ላይ የኤን ቪ 4500 አምስተኛ ማርሽ የሚይዘው ዳዶ በመላላቱ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሲገዛ መፈተሽ ይገባዋል። ያልታዘዘለት ዓይነት ዘይትም በውስጡ ያሉትን የነሐስ ክፍሎች ይጎዳል።

ጥቂት ሒሳብ

የማርሽ ቁጥር 2.45 ነው ማለት የካምቢዮው መውጫ አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 2.45 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የ47 አር ኢ ማርሾች 2.45፣ 1.45፣ 1.00 እና 0.69 ናቸው። የኤን ቪ 4500 ደግሞ 5.61፣ 3.04፣ 1.67፣ 1.00 እና 0.75 ናቸው።

ዳገት ላይ ለመነሣት ኦቶማቲኩ 2.45 ቢኖረውም ኮንቨርተሩ ወደ ሁለት እጥፍ ስለሚያደርሰው 4.90 ያህል ይሆናል። ከ5.61 ብዙም አያንስም። ስለዚህ «ኦቶማቲክ ዳገት አይወጣም» የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል።

ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 2.4 ሜትር ይሄዳል፣ የዲፈረንሻሉም ቁጥር 3.54 ነው እንበል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 1000 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ ጎማው በደቂቃ 417 ጊዜ ያህል ይዞራል። በ3.54 ሲባዛ 1475 ይሆናል። በማንዋሉ ሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ 2463 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በኦቶማቲኩ ሁለተኛ ማርሽ 2139 ያህል። ሞተሩ በበለጠ በዞረ መጠን መኪናውን በበለጠ ይይዛል። ከዚህም በላይ ማንዋሉ ጎማውንና ሞተሩን በቀጥታ ሲያያይዝ፣ በኦቶማቲኩ መካከል የሚንሸራተት ዘይት አለ። ነጂው እግሩን ከነዳጅ ሲያነሣም ያ ኬብል የካምቢዮውን ግፊት ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ የጭስ ማውጫ ፍሬን ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ ቢገጠምለት ዲስኮቹን ያቃጥላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በጭነት የወረደ ሰው፣ ሞተር ካልያዘለት የእግር ፍሬን ሞቆ እንደሚከዳ ያውቃል። የኮሎራዶ ተራሮች ቁልቁለትም ሕጉ ያው ነው።

ፍርዱ

እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? መኪናው በአብዛኛው በከተማና በሜዳ የሚሠራ ከሆነ፣ ብዙ ሰው የሚነዳው ከሆነ፣ ወይም የነጂው ግራ ጉልበት የታመመ ከሆነ ይታደስ፤ ሙቀቱ ግን ከሥሩ ይታከም። ሥራው ከባድ ተጎታች ይዞ ተራራ መውጣትና መውረድ ከሆነ፣ ነጂው ፍሪሲዮን የለመደ ከሆነ፣ ዕቃውም በሙሉ ከአንድ መኪና ከተገኘ ይለወጥ። ዕቃው ካልተሟላ ግን መለወጥ አይጀመር።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ «ምን ልግጠም?» የሚለው ሳይሆን «ለምን ተበላሸ?» የሚለው ነው። ኬብሉ ላልቶ ካምቢዮውን ያሳደሰ ሰው በዓመቱ ያንኑ ያሳድሳል። ከልክ በላይ ጭኖ ኦቶማቲኩን ያቃጠለ ሰውም ማንዋል ቢያስገባ ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሆይ፤ መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ምክንያቱን እንፈልግ፤ በክፍል የተማርነው ሒሳብና ፊዚክስ የሚያገለግለንም ያን ጊዜ ነው።