በጓሮ ቀድሞ የሚደርስ ድንች

በደጋው ገበሬ ቤት ጎተራው የሚጎድለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። የውርጩ ወራት እንዳለፉ በየካቲት በጓሮ የተተከለ ድንች ግን ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ በክረምት ዝናብ ከሚበረታው የቅጠል ምችም በአብዛኛው ያመልጣል። ስለዚህ የልማት ሠራተኞች የሚከተለውን በተግባር እንዲያሳዩ፣ ማኅበራትም ዘሩን በጊዜ እንዲያዘጋጁ እንመክራለን።

1. ዘር፦ የእንቁላል መጠን ያለውንና በሽታ የሌለበትን መርጦ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው ነገር ግን ብርሃን በሚገባበት ቆጥ ላይ በስሱ ማስጣት። በጨለማ የወጣ ጉንቁል ነጭና ቀጭን ስለሚሆን ይሰበራል፤ በብርሃን የወጣው አጭርና ወፍራም ነው።

2. ተከላ፦ ጉንቁሉ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር አራርቆ መትከል። ባለፈው ዓመት ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ የነበረበትን መሬት መተው።

3. እንክብካቤ፦ የበልግ ዝናብ ቢዘገይ ውኃ ማጠጣት፤ 2 ጊዜ አፈር ማስታቀፍ። ብርሃን አግኝቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝነት ስላለው አይበላም።

ትልልቁን ሸጦ ትንንሹን ለዘር ማስቀረት የተለመደ ነው። ከታመመ ተክል የሚገኘው ድንች ብዙውን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ግን ይህ ልማድ ምርቱን ከዓመት ዓመት ያሳንሳል። ዘሩ ተክሉ በማሳ ላይ ሳለ፣ ከጤነኞቹ ምልክት ተደርጎበት ሊለይ ይገባል።