የሚያስተኛ ተን በልብ ላይ ስለሚሠራው ሥራ

ልጆች ሆይ፤ ከዠማ ወንዝ ወደ ዓለም ከተማ የሚያወጣውን ዐቀበት ስትወጡ ልባችሁ በብርቱ ይመታል። በመንዝ ደጋማ ስፍራም አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከቈላው ያንሳል። ልብ ለሰውነት ኹሉ ደም ያድላል፤ እርሱ ራሱ ግን የሚመገበው ከታላቁ የደም ሥር ተከፍለው በላዩ በተዘረጉት ቅርንጫፎች ነው። የመስኖ ቦይ በደለል ሲደፈን ገብሱ እንደሚጠወልግ፥ እነዚህ ሥሮች ሲጠቡ ልብ ይደክማል፤ ሲዘጉም ከሥጋው ከፊሉ ይሞታል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1846 ዓ.ም. ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፥ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለትን ሰው በኤተር ተን አስተኛው። በ1956 ሃሎታን የተባለው ተን በሥራ ላይ ዋለ፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ብዙ ዘመን ተሠርቶበታል።

ይህ ተን በሳንባ ገብቶ በደም አማካይነት ወደ ልብ ይደርሳል። ሥራውም ሁለት ወገን አለው። በአንድ ወገን የልብን ጕልበት ስለሚያለዝብ፥ ልብ የሚሻው ኦክስጅን ያንሳል፤ ይህ ለልብ ዕረፍት ነው። በሌላው ወገን ግን የደሙን ግፊት ዝቅ ያደርጋል። ግፊቱ እጅግ ከወረደ፥ በጠበበው ሥር የሚያልፈው ደም ይጐድላልና ዕረፍቱ ወደ ጕዳት ይለወጣል።

ደግሞም በ1986 ሊቃውንት የውሻን የልብ ሥር አራት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ዘግተው ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ለ40 ደቂቃ ቢዘጉት፥ የሞተው የልብ ሥጋ አስቀድመው ካላለማመዱት እጅግ ያነሰ ሆነ። በ1997 ደግሞ አይሶፍሉሬን የተባለው ተን አስቀድሞ ቢሰጥ የእንስሳትን ልብ እንዲሁ እንደሚያጸና ታወቀ። ነገር ግን በ2019 የታተመ ምርመራ፥ የልብ ሥር ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 5400 ያህል ሰዎች ዘንድ፥ በተን የተኙትና በደም ሥር መድኃኒት የተኙት እስከ አንድ ዓመት ድረስ በሞት ቍጥር እንዳልተለያዩ አሳየ።

እንግዲህ ልብን የሚጠብቀው የተኑ ዐይነት ብቻ አይደለም፤ የአስተኚው ባለሙያ ትጋት ነው። እርሱም ግፊቱንና የልቡን ምት ሳያቋርጥ ይመለከታል፤ ተኑንም በልክ ይሰጣል። ነገር ግን በሽተኛው የሰወረውን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከቤታችሁ ሰው ለቀዶ ሕክምና ወደ ሆስፒታል ሲሄድ፥ ዐቀበት ሲወጣ ደረቱን የሚያመው ወይም የሚያፍነው እንደ ሆነ አስቀድሞ ይናገር ዘንድ ምከሩት። ሕክምናው እንዳይቀርበት ፈርቶ ሕመሙን የሚደብቅ ሰው፥ የሚጠብቀውን ሰው ዐይን ይጋርዳል።

ጥያቄ። ተኑ ለደከመ ልብ ዕረፍትም ጕዳትም የሚሆነው እንዴት ነው?