ጾም፣ መርፌና ቅዱስ ቁርባን

በዚህ እትም የምናነሣው ጥያቄ ከራሳችን ጥፋት የመጣ ነው።

ከአባሎቻችን አንዲት እኅታችን የስኳር በሽተኛ ናት፤ በየማለዳው ኢንሱሊን ትወጋለች። በዐቢይ ጾም በአንዱ እሑድ መርፌዋን ተወግታ፣ እህል ሳትቀምስ ለመቁረብ መጣች። እኛም የመርፌውን ነገር እያወቅን «በርቺ፤ እግዚአብሔር ያበረታሻል» አልናት። ከወንጌል ንባብ በኋላ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ የምትናገረው ሁሉ ተምታታባት። እኛ ውኃ ልንረጫት ስንጣደፍ አንዲት እናት ገፋ አድርገውን ገብተው ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጧት። ልጃቸው ይህ በሽታ አለበትና ምልክቱን ያውቁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል፤ ምግብ ካልተከተለው ስኳሩ ከመጠን በታች ይወርዳል። ነቅቶ ላለና መዋጥ ለሚችል ሰው ጣፋጭ ነገር ቶሎ ይሰጠዋል። ራሱን ለሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሐኪም ይሮጣል።

እጅግ ያሳፈረን በኋላ ያነበብነው ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ለላቲን ሥርዓት የወጣው የቀኖና ሕግ በቁጥር 919 ከቁርባን በፊት የሚጾመውን ቢያንስ አንድ ሰዓት ብሎ ይወስናል። ውኃና መድኃኒት ጾሙን አይሽሩም። አረጋውያንና ሕሙማን በዚያው ሰዓት ውስጥ ምግብ ቢቀምሱም እንኳ መቁረብ ይችላሉ፤ አስታማሚዎቻቸውም ጭምር! በግዕዝ ሥርዓት የምንገለገለው ደግሞ የጾም ልማዳችን ጠንከር ያለ ስለሆነ፣ ሕመማችንን አስቀድመን ለካህናችን ብንነግር ይበጃል። ይህች እኅታችን ያልነገረችው «ሰበብ ፈለገች» እንዳንላት ፈርታ ነበር። ፍርሃቷም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በመድኃኒት የሚኖር ሰው እምነቱ የጎደለ ነው የሚል አሳብ በመካከላችን ነበረና።

እስቲ ቅድስት በርናዴትን እናስብ። በ1858 እ.ኤ.አ. በሉርድ እመቤታችን 18 ጊዜ ስትገለጥላት የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። በልጅነቷ ኮሌራ ይዟት ነበር፤ አስማም ዕድሜዋን ሙሉ አልተዋትም። በርካታ ሕሙማን ከተፈወሱበት ምንጭ ያገኘችው እርሷ ሆና ሳለ፣ ራሷ ግን ሳትድን ኖረች። በ1866 ኔቨር ወደሚገኘው ገዳም ገብታ በሕሙማን ክፍል ሌሎችን ታስታምም ነበር፤ ሐኪም ለአስማዋ ያዘዘላትን ሱረትም ትወስድ ነበር። (ሱረት የሚወስዱ አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል!) በ1879 በ35 ዓመቷ ዐረፈች፤ በ1933 ቅድስናዋ ታወጀ። እምነቷ ስለ ጎደለ ነው አልዳነችም የሚል ካለ፣ ይምጣና ይንገረን።

እኅታችን አሁን በበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ትቀመጣለች። ካህኑን አነጋግራ ቁርሷን በልታ ትመጣለች። በቦርሳዋ የጎን ኪስ ከረሜላ አለ፤ የት እንዳለም ከእኛ ሦስታችን እናውቃለን።