የውድድር መኪና ክንፍ

የአውሮፕላን ክንፍ ወደ ላይ ያነሳል፤ የፎርሙላ ዋን መኪና ክንፍ ግን ተገልብጦ የተሠራ ስለሆነ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ጎማው መሬቱን አጥብቆ ሲይዝ መኪናው ኩርባውን ሳይንሸራተት በፍጥነት ያልፋል። ይህ ጥቅም ግን ዋጋ አለው፤ ክንፉ ቀና ባለ መጠን አየሩ መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናውም ጉተታውም አራት እጥፍ ይሆናሉ።

ስለዚህ መሐንዲሶች አስቀድመው የሚያጠኑት መንገዱን ነው። በጣሊያኑ ሞንዛ አንዱ ዙር 5.793 ኪሎ ሜትር ሲሆን ረጃጅም ቀጥ ያሉ መንገዶች ስላሉት ትንሽና ጋደም ያለ ክንፍ ይገጥማሉ። በሞናኮ ግን 3.337 ኪሎ ሜትር የሆነው ዙር ጠባብና ኩርባ የበዛበት የከተማ ጎዳና ነው፤ ስለዚህ ትልቁን ክንፍ ይመርጣሉ።

ሜክሲኮ ሲቲ ለየት ትላለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው። እዚያ የሞናኮን ያህል ትልቅ ክንፍ ተገጥሞም የሚገኘው ጫና ወደ ሞንዛው የቀረበ ነው። በአዲስ አበባም አውሮፕላኖች ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ የሚያስፈልጋቸው በዚሁ በአየሩ መሳሳት ነው።

እንግዲህ «ከሁሉ የሚሻለው ክንፍ የትኛው ነው?» ተብለን ብንጠየቅ፣ መጀመሪያ «ለየትኛው መንገድ?» ብለን እንጠይቅ።