በትሪያትሎን ዝግጅት ከልምምድ በኋላ የሚወሰድ ምግብና ጊዜው

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ወደ ኦሎምፒክ የገባው ትሪያትሎን 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫን ያጣምራል። በመሆኑም አትሌቱ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መለማመዱ የተለመደ ነው። በከባድ ልምምድ የተሟጠጠው የጡንቻ ግላይኮጅን ለመተካት እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ የማገገሚያው ስልት የሚወሰነው በልምምዶቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከ8 ሰዓት ካነሰ፣ በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በሰዓት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል፤ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን አትሌት ይህ ከ60 እስከ 72 ግራም ነው። ክፍተቱ ሙሉ ቀን ሲሆን ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የዕለቱ ጠቅላላ መጠን ይበልጥ ወሳኝ ነው። ስለሆነም የምግብ ዕቅዱ ከልምምድ መርሐ ግብሩ ጋር አብሮ ሊወጣ ይገባል፤ አለዚያ ሁለተኛው ልምምድ ኃይሉ ባልተመለሰ ጡንቻ ይጀመራል።